ርክክብ በአርናዥ ኩርባ

ኦዲል ነገሩ የገባት ሬናን ተናግሮ ሳይጨርስ ነው።

«ዘንድሮ ሦስት ስለሆንን እንደ ውድድሩ ሹፌሮች በሦስት ተራ እንግባ» አለ ባሏ፣ የድንኳኑን ካስማ በጫማው ተረከዝ እየመታ። «መጀመሪያ አንቺ፣ ቀጥሎ ማይቴ፣ ቀጥሎ እኔ። ከዚያ እንደገና አንቺ።»

ኦዲል ዙሩን በሐሳቧ ተከተለችው። እሷ ለማይቴ ታስረክባለች፣ ማይቴ ለሬናን፣ ሬናን ለእሷ። የሃያ አራት ሰዓቱ የመኪና ውድድር ቅዳሜ ከሰዓት ተጀምሮ እሑድ ከሰዓት እስኪያልቅ ድረስ እሷ ባሏን የምትቀሰቅስበት ተራ የለም።

«ከእኔ ቀጥሎ አንተ ብትሆንስ?» አለች።

«እንደሱ ካደረግን ሌሊቱ ለማይቴ ሊደርሳት ነው። እንግዳ ሰው በድቅድቅ ጨለማ አጥር ስር ልናስቀምጥ?»

«እኔ ጨለማ አልፈራም» አለች ማይቴ፣ ግማሽ አካሏን መኪናዋ ውስጥ ከትታ ዕቃ እየጎተተች። «የምፈራው እንቅልፍ ነው።»

ሬናን ሳቀ። ያለው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ኦዲልን ያናደዳትም ይኸው ነው።

ኦዲል የከተማው የመጠጥ ውሃ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ትሠራለች፤ ሬናን ትራም ይነዳል። ከተጋቡ ጀምሮ ሰኔ በመጣ ቁጥር ድንኳናቸውን ይዘው አርናዥ ኩርባ አጠገብ ካሉት ጥዶች ስር ይሰፍራሉ። አርናዥ መኪኖቹ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይልቅ ፍጥነት የሚቀንሱበት ጠባብ የቀኝ ኩርባ ነው። ከሽቦው ጀርባ ባለው የአፈር ቁልል ላይ የቆመ ሰው የሹፌሩን ጓንት ቀለም መለየት ይችላል።

ሃያ አራቱን ሰዓት በሙሉ ነቅቶ የሚያይ የለም። ሰው ሲደክመው ይተኛል፣ ሲነቃ ስልኩን ከፍቶ ማን እንደሚመራ ያያል። ኦዲልና ሬናን ግን ስልካቸውን መኪና ውስጥ ይቆልፉበታል። አንዱ ሲተኛ ሌላው አጥሩ ጋ ይቀመጣል፤ ተራው ሲያልቅ የተኛውን ቀስቅሶ ያየውን ይነግረዋል። ርክክብ ይሉታል። የተኛው ሰው የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ስለሆነ ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ያላዩት አይነገርም፣ ያዩት አይቀርም።

ኦዲል ርክክቧን ከመሪው ትጀምራለች። ከዚያ ተከታዮቹን፣ ከውድድር የወጡትን፣ አየሩንና የአስፋልቱን ሁኔታ፣ በመጨረሻ «የኛዋን»። የኛዋ የሚሏት በየዓመቱ የሚመርጧት አንዲት መኪና ናት፤ የማታሸንፍ፣ ማንም ስሟ የተጻፈበትን ኮፍያ ገዝቶ የማያደርግላት። ሬናን ርክክቡን ዓይኑን ሳይገልጥ ያዳምጣል። ትንፋሹ ከተኛ ሰው ትንፋሽ ወደ ነቃ ሰው ትንፋሽ የሚለወጠው ሦስተኛው መኪና ላይ ስትደርስ ነው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ግን ውድድሩን ሳይሆን ይህን ነበር።

ዘንድሮ የኛዋን እንኳ አልመረጠችም። መኪኖቹ መሀል ከተማ አደባባይ ላይ ለፍተሻ ሲቀርቡ ሁለቱ አብረው ሄደው ነበር የሚመርጡት። ኦዲል የምትወደው መካኒኮቹ በእጃቸው ሲገፏት የማይጯጯሁባትን መኪና ነው። በዚያ ቀን ግን ከአንድ ጉድጓድ የመጣ የውሃ ናሙና እንደገና መመርመር ነበረበትና አመሸች። ቤት ስትገባ ሬናን እንቁላል እየጠበሰ አገኘችው።

«መረጥን» አላት።

«እነማን ናችሁ የመረጣችሁት?»

«እኔና ማይቴ። ከትራም ዴፖው አብረን ወጣንና። አረንጓዴዋን።»

«ለምን እሷን?»

«የሹፌሩ ጆሮ። ይኼን ጆሮ ሄልሜት ውስጥ ሲከተው ሳላይ አልሄድም አለች። ሰውየውን አስጠብቃ ቆማ፣ በሳቅ ልትገድለኝ ነበር።»

ማይቴ ከደቡብ፣ ከተራሮቹ ወገን የመጣች፣ ዴፖው ውስጥ ገና ዓመት ያልሞላት ትራም ነጂ ናት። ሬናን ከሥራ ሲመለስ የምትለውን ይዞ ይመጣል። ማይቴ ስለ ፍሬኑ እንዲህ አለች፤ ማይቴ ለቁጡው ተሳፋሪ እንዲህ ብላ መለሰች። ኦዲል በሥራዋ አንድ ነገር ውሃ ውስጥ ሲጨምር ቀስ በቀስ መሆኑን ታውቃለች። ጣዕሙ የሚለወጠው ዘግይቶ ነው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጎረቤታቸው ሙሴ ኤርቬ መጡ። ጡረታ የወጡ ዳቦ ጋጋሪ ናቸው፤ ድንኳናቸውን ከነኦዲል ድንኳን አጠገብ ይተክላሉ፣ ከቀዮቹ መኪኖች በስተቀር አንዲትም አይመለከቱም። ረጅም ዳቦና አንድ ማሰሮ የአሳማ ሥጋ ቅባት ይዘው ነበር።

«ማዳም ኦዲል፣ ዘንድሮ ቤተሰቡ በዛ።»

«ቤተሰብ አይደለችም። የሬናን የሥራ ባልደረባ ናት።»

ሙሴ ኤርቬ አጥሩ ጋ የተዘረጉትን ወንበሮች አዩ። የማይቴ ቀይ ወንበር ሽቦው ሥር፣ የሬናን ከጎኑ፣ የኦዲል ከሁለቱ ኋላ ነበር። «ወንበሯ ግን የቤተሰብ ነው» አሉ።

«ሽቦ እንዳይከልላት ብዬ ነው» አለ ሬናን። «ገና ለመጀመሪያ ጊዜዋ አይደል።»

«እኔንማ በመጀመሪያ ጊዜዬ ዛፍ ላይ ነው ያወጣኸኝ» አለች ኦዲል።

«ያኔ ዛፍ መውጣት ትችዪ ነበራ።»

ሁሉም ሳቁ፤ ኦዲልም ሳቀች። ማይቴ ቅባቱን በዳቦዋ ላይ እንደ ሲሚንቶ ለድፋ ጎረሰችና «ሙሴ ኤርቬ፣ እርስዎ ጋ ልኑር? ያገቡ ነዎት?» አለቻቸው።

«ሚስቴ ሞታለች።»

«እኔም ባሌ ሞቷል። ማለቴ በሕይወት አለ፣ ለኔ ነው የሞተው።»

ሽማግሌውን ዳቦው ትን አላቸው። ሬናን ጀርባቸውን እየመታ በሳቅ ዕንባው መጣ። ኦዲል አየችው። ከእሷ ጋር ሲስቅ አፉን ነበር የሚከፍተው፤ ዕንባው መጥቶ አያውቅም።

ውድድሩ ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሁሉም ነቅቶ ስለሚያይ አራቱም አጥሩ ጋ ቆሙ። መሬቱ በእግር ሥር ተንቀጠቀጠ፤ የተቃጠለ ጎማና የፍሬን ሽታ በጥዶቹ መሀል መጣ። ማይቴ የመኪኖቹን ስም ስለማታውቅ የራሷን አወጣችላቸው። ድምፁ የሚያጓራው «አማቴ» ሆነ፣ አፍንጫው ዝቅ ያለው ደግሞ «ግብር ሰብሳቢው»። ከሰዓታት በኋላ ሬናንም በነዚህ ስሞች ይጠራቸው ጀመር።

ሲመሻሽ ኦዲል ለማይቴ አስረከበች፤ መሪውን፣ ተከታዮቹን፣ የወጡትን፣ ነፋሱ ከየት እንደሆነና ኩርባው መግቢያ ላይ አሸዋ መበተኑን፣ የኛዋ በምድቧ ስንተኛ እንደሆነች ነገረቻት።

«ፈተና አለው እንዴ?» አለች ማይቴ።

«ለሬናን የምታስረክቢው ይህንኑ ነው፣ አንቺ ያየሽውን ጨምረሽበት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ኦዲልዬ፣ እኔ የገዛ ልጆቼን ልደት ነው የምረሳው።»

ኦዲል በሸራ ለሁለት ከተከፈለው ድንኳናቸው የራሷ ክፍል ገብታ ተኛች። የነቃችው በሳቅ ነው። ከሸራው ማዶ ማይቴ ሬናንን ትቀሰቅሰው ነበር። መኪኖቹ በየመሀሉ ስለሚያጓሩ ቃሉ አይሰማም፤ የሚሰማው የእሷ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ የእሱ ሳቅ ብቻ ነው። ሬናን ከእንቅልፉ ሲነቃ የሚስቅ ሰው መሆኑን ኦዲል አታውቅም ነበር።

ሊነጋ ሲል ሬናን በተራው እሷን ቀሰቀሳት። ርክክቡን በሥርዓቱ ሰጣት፣ ከመሪው ጀምሮ። የኛዋ ደህና ናት፤ ከፊቷ የነበሩ ሁለት መኪኖች ከውድድር ወጥተው ደረጃዋ ከፍ ብሏል።

«ማይቴስ ምን አለችህ ማታ?»

«ስለ መኪና ብዙም አልነገረችኝ።»

«ታዲያ ምን ያስቅ ነበር?»

ሬናን ጫማውን እያወለቀ አሰበ። «አሁን ስነግርሽ አያስቅም» አለና ተኛ።

ፀሐይ ስትወጣ ኦዲል አጥሩ ጋ ብቻዋን ነበረች። በሌላ ዓመት ይህ ሰዓት ያምራል። መኪኖቹ ጭቃና ነፍሳት ለብሰው፣ መብራታቸውን ሳያጠፉ ከጭጋጉ ይወጣሉ። አሁን ግን ዓይኗ ከመንገዱ እየተመለሰ ከፊቷ ባለው ቀይ ባዶ ወንበር ላይ ያርፍ ነበር። ወንበሩ መያዣ ላይ የሬናን ፔርሙዝ ተንጠልጥሏል። ፔርሙዙን አንስታ የራሷ ወንበር ላይ ሰቀለችው። ቆይታ ደግሞ አፈረችና መለሰችው።

ተራዋ ሲያልቅ ማይቴን ቀሰቀሰችና አስረከበቻት። ማይቴ ፊቷ አብጦ፣ ጸጉሯ ላይ የጥድ ቅጠል ተሰክቶ፣ እሺ እሺ እያለች ሰማች።

ኦዲል ግን ወደ ድንኳኗ አልገባችም። የሩቅ መነጽሯን ይዛ በድንኳኖቹ ኋላ ዞረችና ከቋሊማ ሻጩ በላይ ወዳለው ከፍታ ወጣች። ከዚያ ኩርባው ከመግቢያው እስከ መውጫው ይታያል፤ ቀዩ ወንበርም ይታያል። ማይቴ ተራዋን እንዴት እንደምትጠብቅ ማየት ፈለገች። ምክንያቱን ለራሷ «ለማነጻጸር» አለችው።

ማይቴ መጀመሪያ በላች። ከዚያ ከሙሴ ኤርቬ ጋር አወራች፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ሲያንቀላፉ ወደ አጥሩ ዞረች። ትንሽ ቆይታ አገጯ ደረቷ ላይ ወደቀ። አረንጓዴዋ መኪና አለፈች፣ ማይቴ አልነቃችም። እንደገና አለፈች። ኦዲል መነጽሩን ከማይቴ ፊት አላነሳችም፤ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር እየሞቀ ነበር፣ ደስታ የሚመስል።

ከዚያ አረንጓዴዋ ዘግይታ መጣች። ኦዲል ድምፁ ሲጎድል ነው ቀና ያለችው። መኪናዋ የኩርባውን ውስጠኛ ጠርዝ ይዛ እያዘገመች፣ ከኋላ ግራ ጎኗ ቀጭን ጭስ እየሳበች ዞረችና መውጫው ላይ ካለው ሣር ገብታ ቆመች። ሹፌሩ ማስነሻውን ሞከረ። መኪናዋ እንደሚያስነጥስ ሰው ወደፊት ነጠቅ ብላ ቆመች። እንደገና ሞከረ። ጠባቂዎቹ ቢጫ ባንዲራ እያውለበለቡ በእጃቸው «ውጣ» አሉት። ወጣ። ሄልሜቱን አወለቀ፤ ጆሮዎቹ ቀይ ነበሩ፣ ማይቴ እንዳለችውም ትልልቅ። ዞር ብሎ በሩን፣ ውስጡ ሰው የተኛ ይመስል፣ በቀስታ ዘጋውና ከብረት አጥሩ ጀርባ ተሻገረ። ክሬን መጥቶ መኪናዋን አንስቶ በጥዶቹ በኩል ወሰዳት። ባንዲራው ተጠቀለለ። ሣሩ ላይ ሁለት የጎማ መስመር ቀረ።

ማይቴ ተኝታ ነበር።

ኦዲል ያኔ ወርዳ ልትቀሰቅሳት ትችል ነበር። ተቀምጣ ጠበቀች።

እኩለ ቀን ሲሆን ማይቴ በራሷ ነቃች፣ ፊቷን በውሃ አራሰች፣ ሄዳ ሬናንን ቀሰቀሰች። ሬናን ከድንኳኑ ግማሽ ወጥቶ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ፤ ማይቴ ከፊቱ ቆማ ማስረከብ ጀመረች። ከከፍታው ላይ ቃል አይሰማም፤ እጆቿ ግን በመነጽሩ ውስጥ ቅርብ ነበሩ። አንዱ መዳፏ በዝግታ ይሄዳል። ሌላው ከኋላው መጥቶ ሽው ብሎ ያልፈዋል፣ ደግሞ ሌላ ያልፈዋል። ከዚያ ሁለት እጆቿን ከጆሮዎቿ አጠገብ ዘረጋች፣ ትልቅ አድርጋ። ሬናን ወደ ኋላው ተጋደመና ሳቀ።

ኦዲል ያየችውን አንድ በአንድ አገናኘች። መኪና መኪናን ቀደመ። ባለ ጆሮው ሹፌር። ተኝታ ያረፈደችው ሴት ያላየችውን ፈጥራ አስረከበች፤ የኛዋን በሕይወት አለች ብላ፣ ያውም እየቀደመች። ሬናን አጥሩ ጋ ሄዶ ይጠብቃል፣ መኪናዋ አትመጣም፣ ከዚያ ምን ዓይነት ርክክብ እንደተቀበለ ያውቃል። እሷ አንዲት ቃል መናገር አይኖርባትም።

ወርዳ በድንኳኑ ኋላ ገባች፣ ትንሽ ቆይታ ዓይኗን እያሻሸች በፊት ለፊት ወጣች።

ሬናን ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ነበር። ማይቴ ድንኳኗ ገብታ ተኝታለች። ኦዲል ከጎኑ ቆመች። መኪኖቹ ያልፋሉ፤ ሬናን እያንዳንዷን አይቶ ቀጣይዋን ይጠብቃል።

«የኛዋ አልመጣችም» አለ ቆይቶ።

ኦዲል የሚያልፉትን መኪኖች አየች።

«ጋራዥ ገብታ ይሆናል። እየጠገኗት።»

እንዲህ ያለ ነገር አለ። በዚህ ውድድር መኪና ጋራዥ ገብታ፣ ማርሽ ሳጥኗ ተበትኖ፣ ሰዓታት ቆይታ ትወጣለች፤ የመጨረሻዎቹን ዙሮች ለክብሯ ትሮጣለች። የሚያውቋት ሰዎችም አጥሩ ጋ ቆመው ይጠብቋታል። ስትመጣ የሚጨበጨብላት ጭብጨባ ለአሸናፊው አይጨበጨብም።

«ይሆናል» አለች ኦዲል።

ቃሉ ከአፏ ወጣ። መኪኖቹ አለፉ።

ሬናን ምሳ አልበላም። ሙሴ ኤርቬ ቋሊማ በዳቦ ይዘውለት ሲመጡ «ያስቀምጡልኝ፣ ልትመጣ ትችላለች» አላቸው።

«ማን ናት እሷ?»

«የኛዋ።»

«ሙት ነው የምትጠብቀው፣ ልጄ። ቀዩን እይ፣ ቀዩ መጣ።»

«እርስዎ ጠዋት አይተዋት ነበር?»

«እኔ አረንጓዴ ነገር የማየው ሰላጣ ሲቀርብልኝ ነው።»

ሬናን ፈገግ ብሎ ወደ ሽቦው ተመለሰ። ኦዲል የአንገቱን ጀርባ ታይ ነበር፤ ፀሐይ እያቀላው ነው። የምትጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ ዞር ብሎ «ማይቴ ዋሸችኝ» እንዲል። አላለም። ከመኪና መኪና፣ ከዙር ዙር፣ ባንዱ እግር ከዚያም በሌላው እግር እየተደገፈ ቆመ። አንዴ ከሩቅ አረንጓዴ የሚመስል ነገር መጣና እጁ ለማጨብጨብ ከሽቦው ተነሳ፤ የሌላ ቡድን መኪና ነበረች። እጁን ወደ ሽቦው ሲመልስ ኦዲል «ሬናን» ልትል አፏን ከፈተች። ሳቁ ትዝ አላትና ዘጋችው።

ውድድሩ አለቀ። የተረፉት መኪኖች መብራታቸውን አብርተው በዝግታ ዞሩ፤ የኩርባው ጠባቂዎች ያላቸውን ባንዲራ ሁሉ ይዘው መንገዱ ዳር ወጥተው አውለበለቡላቸው። ሰው ሽቦውን እየደበደበ አጨበጨበ። ማይቴ ከድንኳኗ እየሮጠች መጥታ በሬናንና በኦዲል መሀል ገባች።

«የኛዋስ?»

«አልወጣችም» አለ ሬናን። «ጋራዥ ውስጥ የቀረች መሰለኝ።»

«ወይኔ፣ ባለ ጆሮዬን።»

ኦዲል «አሁን» አለች በልቧ። «ማይቴ፣ እኩለ ቀን ላይ ለሬናን ምን ብለሽ ነው ያስረከብሽው?»

«ምን?»

«ርክክብሽ። ስለ የኛዋ ምን አልሽው?»

ማይቴ ሬናንን አየች፣ ከዚያ ኦዲልን። «ተኝቼ ነበር አልኩት። ምንም አላየሁም፣ ይቅርታ አልኩት።»

«በእጅሽ ያሳየሽውስ? መኪና ሲቀድም?»

«እሱማ ህልሜ ነው። ትራሙን እዚህ መንገድ ላይ እየነዳሁ፣ እነዚህ ሰዎች በግራ በቀኝ እያለፉኝ፣ ሙሴ ኤርቬ አርናዥ ላይ ወራጅ አለ ብለው ደወሉን ሲደውሉ፣ ባለ ጆሮው ደግሞ ቲኬት የለኝም ብሎ...» ማይቴ አቆመች። የሚስቅ እንደሌለ አየች። «አንቺ ግን እጄን የት ሆነሽ አየሽው?»

ሬናን ከሽቦው ዞረ። «ተኝተሽ አልነበር?»

«አልተኛሁም።»

«የት ነበርሽ?»

«ከቋሊማ ሻጩ በላይ።»

ሬናን ወደ ከፍታው ተመለከተ። ከዚያ ወደ ኩርባው መውጫ። ትራም የሚነዳ ሰው ነው፤ ከየት ምን እንደሚታይ ለመገመት ጊዜ አይፈጅበትም።

«ከዚያ መውጫው ይታያል» አለ።

«ይታያል።»

«አይተሻታል ማለት ነው።»

«ቆማ ነበር። ረፋዱ ላይ። በክሬን ወሰዷት።»

«ጋራዥ ገብታ ይሆናል ስልሽ፣ ይሆናል አልሽኝ።»

«እሷ የዋሸችህ መስሎኝ ነው። ራስህ እንድትደርስበት ብዬ...»

«እሷ ተኛሁ አለችኝ፣ ኦዲል። አንቺ አይተሽ ነው ዝም ያልሽው።»

ድምፁን አላነሳም። ከሙሴ ኤርቬ እጅ የቀዘቀዘውን ቋሊማ ተቀብሎ አየው፣ የሚበላበት ምክንያት ያጣ ይመስል።

«ልንገርህ» አለች ኦዲል። «ሁሉንም አይቻለሁ። ከኩርባው መግቢያ ጀምሮ...»

«አሁን አልሰማም።»

የአጥሩ በር ተከፍቶ ሕዝቡ እንደ ልማዱ ወደ መንገዱ ይፈስ ነበር፤ አስፋልቱን ሊረግጥ፣ የጎማ ፍርፋሪ ለቅሞ ለልጆቹ ሊወስድ። በሌላ ዓመት ኦዲልና ሬናን አብረው ነበር የሚሄዱት። ሬናን «ሙሴ ኤርቬ፣ ይምጡ እንሂድ» አለና የሽማግሌውን ክንድ ይዞ ሄደ። ኦዲል ቀይ አንገቱን በሰው መሀል እስኪጠፋ በዓይኗ ተከተለችው።

ማይቴ ወንበሯን ማጠፍ ጀምራ ተወችው። «በእኔ ነው እንዴ የቀናሽው?» አለች። ለመውጋት አልነበረም የጠየቀችው፤ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነበር።

«የምትቀሰቅሺው አንቺ ነበርሽ።»

«እሱን መቀስቀስ ነው ያስቀናሽ?» ማይቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «እኔኮ ሁለቱንም ጊዜ ፈርቼ ነው የቀሰቀስኩት። ማታ ያልሽውን ሁሉ ረስቼ ቀልድ አወራሁለት። እሱ ደግሞ ይስቅና፣ እሺ አሁን ኦዲል ምን አለች፣ ይለኛል። ምንም የማስታውሰው የለኝም።»

ኦዲል ይህን ሰማች። ሰምታም ቅናቱ አልለቀቃትም፤ ቦታ ብቻ ቀየረ። እሱ «ኦዲል ምን አለች» ብሎ የጠየቀው ይህችን ሴት ነው፣ መልስም አላገኘም፤ ያንን መልስ አሁን እሷ ይዛው ቆማለች፣ አልሰማም ተብላ። ረፋዱን ያየችው ነገር ለማንም ሳይነገር ከድንኳኑ ጋር ሊጠቀለል ነው። ያቺ መኪና እንዴት እንደቆመች ያየ የነሱ ሰው እሷ ብቻ ናት።

«ነገ ጠዋት ዴፖ ነን» አለች ማይቴ። «ከመውጣታችን በፊት ማሽኑ ጋ ቡና እንጠጣለን። ለእኔ ንገሪኝ፣ እኔ አደርስለታለሁ። ከእኔ ሲሆን ይሰማል፣ ባንቺ ላይ ነው የተቆጣው።»

ኦዲል የቡናውን ማሽን በሐሳቧ አየችው፤ አንድ ቀን ናሙና ልትወስድ ሄዳ ታውቀዋለች። ሁለቱ ስኒያቸውን ይዘው ግድግዳውን ተደግፈው፣ ማይቴ እየነገረች፣ እሱ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ። ሆኖም ወንበሯን ከኋላ አንስታ ሽቦው ሥር፣ ከቀዩ ወንበር ትይዩ አስቀመጠችና ተቀመጠች።

«ከመሪው ነው የሚጀመረው» አለች።

«የመሪውንማ ሁሉም ያውቀዋል። አሸንፏል።»

«እኔ የምልሽ ረፋዱ ላይ የነበረውን መሪ ነው።»

ነገረቻት። ተከታዮቹን፣ የወጡትን፣ ጭጋጉ መቼ እንደተገፈፈ፣ አሸዋው የት እንደነበር። ከዚያ የኛዋን፤ ድምፁ እንዴት እንደጎደለ፣ በውስጠኛው ጠርዝ እንዴት እንዳዘገመች፣ ማስነሻውን ሲሞክር እንዴት ነጠቅ እንዳለች። ማይቴ አፏን ትንሽ ከፍታ ሰማች፤ የመኪናዋ በር ላይ ሲደርሱ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው?»

«ቀስ አድርጎ። በይ አሁን አንቺ ድገሚልኝ።»

ማይቴ ደገመች። ሁለት መኪኖችን አምታታች፣ ኦዲል አረመቻት። እንደገና ጀመረች፤ በዚህኛው ጊዜ እስከ ክሬኑ ድረስ አልተሳሳተችም።

«ጭሱን ትንሽ ብጨምርበትስ?» አለች። «ጥቁር ጭስ፣ ዛፎቹን የሸፈነ።»

ኦዲል ወደ ኩርባው መውጫ ተመለከተች። ሣሩ ላይ ሰዎች ቆመው ፎቶ ይነሳሉ።

«ቀጭን ነበር» አለች። «እንደገና በይው፣ ከመሪው ጀምረሽ።»